እጀታው የሚነቀል ድስት

ከሥራ ያሰናበተኝ ደብዳቤ አይደለም፤ ዓይኔ ነው። የትራፓኖው ጫፍ ምልክት ካደረግሁበት ነጥብ እየሸሸ ማስቸገር ሲጀምር፣ ባለቤቴም «ድስት እበሳለሁ ስትል ጣትህን እንዳትበሳ» ስትለኝ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ ጀርባ የነበረችኝን ጠባብ የሥራ ቤት ዘጋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው። የድስት፣ የመጥበሻና የማንቆርቆሪያ እጀታ ስገጥምና ስጠግን ኖርኩ። ሰው ይህን ሲሰማ «እጀታ ብቻ?» ይላል። አዎ፣ እጀታ ብቻ። ድስት ቢያፈስ ወጥ ይባክናል፤ እጀታ ቢከዳ ግን የሚጎዳው ሰው ነው።

ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም። ከልጄ ከዘቢደር ጋር ስለተኳረፍን ነው።

ዘቢደር እዚሁ ወልቂጤ የወጥ ቤት ዕቃ መሸጫ ከፍታለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ፊት ለፊት ብዬላት አላውቅም እንጂ። በቅርቡ ከበሩ ትይዩ ባለው መደርደሪያ ላይ አንዱ በሌላው ሆድ የሚገቡ ድስቶችና መጥበሻዎች ደረደረች። አንዳቸውም የራሳቸው እጀታ የላቸውም። ለሁሉም የሚያገለግል አንድ እጀታ ከሳጥኑ ይወጣል፤ መንጋጋው የዕቃውን ከንፈር ይነክሳል፤ ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭኖ መንቀል ነው። ቦታ አይፈጅም፣ ያምራል። መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች ለእናቶቻቸው የሚሻሙበት ዕቃ ሆኗል። እኔ ደግሞ ይህ ዕቃ ያደረገውን አይቻለሁ። ስለዚህ ገዢዎች እየሰሙ «ይህ ነገር ከዚህ መደርደሪያ እስኪወርድ እግሬ ሱቅሽን አይረግጥም» አልኳት።

አልተቆጣችም። አመሻሽ ላይ ቤት መጥታ «አባባ፣ አንተ ስትቆጣ የምትለው ሁሉ ልክ ነው፤ ሰው ግን ቁጣህን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። ተቀመጥና ጻፍልኝ። ካሳመንከኝ ከመስቀል በፊት አወርደዋለሁ» አለችኝ።

ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ማንበብ የለመድኩት ምስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። አጻጻፌ ቢሻክር ይታለፍልኝ።

ሙያውን የተማርኩት ቡታጅራ ነው። ከቸሃ ስወጣ ሐሳቤ እንደ መንደሬ ልጆች ሁሉ አዲስ አበባ ገብቼ መነገድ ነበር። አጎቴ ቡታጅራ ይነግድ ስለነበር መጀመሪያ ወደ እሱ ሄድኩና በዚያው ቀረሁ። ከአጎቴ መደብ አጠገብ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የመስቃን ሰው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ድስት ይጠግኑ ነበር። ቆሜ ሳይ ዋልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሥራ የለህም?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይህን ያዝ።»

ያን ቀን የያዝኩትን ድስት የለቀቅኩት አምና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክፍያዬ ምሳና ማደሪያ፣ ቆይቶም ጥቂት ብር ነበር፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ሐጂ ከመብሳታቸው በፊት ድስቱን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉትና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለው። እጀታውን ከድስቱ የሚያያይዙትን ሁለት የብረት ችንካሮች፣ ሪቬቶቹን፣ በአንድ መስመር አያስቀምጡም። አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስንጥቅ ቢጀምር ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በቀጥታ እንዳይሮጥ ነው። በውስጥ በኩል የሪቬቱን ራስ እንደ ምስር ፍሬ እስኪድቦለቦል ይቀጠቅጡታል፤ ጠርዝ ካለው ሥሩ ምግብ ይደብቃልና። ለእንጨት እጀታ ወይራ እንጂ ባሕር ዛፍ አይነኩም። «ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቶሎ ያደገ ነገር ቶሎ ይሰነጠቃል» ይሉና እኔን ያዩኛል። ያኔ ፈጥኜ የምጨርስ መስሎኝ የምቸኩል ነበርኩ።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን የመጨረሻውን ልማዳቸውን ነው። ሥራው ሲያልቅ ድስቱን ውኃ ይሞሉታል። መዳፋቸውን ቅቤ ይቀባሉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ድስቱን በባዶ እግራቸው ላይ አንጠልጥለው ይቆማሉ፤ ያወዛውዙታል፤ ደግሞ ይቆማሉ። አንዲት ገበያተኛ እንዲህ ቆመው አገኘቻቸውና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሐጂ፣ ድስቴን ስጡኝ እንጂ፤ ገበያው ሊበተን ነው።»

«ገበያ በሳምንቱ ይመለሳል» አሉ፣ ከእግራቸው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «እግር አይመለስም።»

«ቅቤውስ ምንድነው? ድስቱን ሊድሩት ነው?»

«አንቺ ቤት ቅቤ ያልነካ እጅ አለ?»

ሴትየዋ እጇን ገልብጣ አየችና ሳቀች። ሐጂ ድስቱን ሲሰጧት «በደረቅ እጅ የተፈተነ እጀታ በሐሰት የተመሰከረለት ነው» አሏት። ሥራ ስንጀምር እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ አማትባለሁ፤ ከዚያ በአንድ መዶሻ እየተፈራረቅን እንውላለን። እንደ እሳቸው ያለ መምህር ያጋጠመው ሰው በዕድሉ አያማርር።

ከሐጂ ዘንድ ከወጣሁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ የላላ እጀታ ሳሳየው «ጨርቅ ምን ሊሠራ ነው ያለው? በጨርቅ ይያዙት» የሚል ሰው ነበር። እዚያ የተማርኩት ሰው ከላላ እጀታ ጋር እንዴት ቶሎ እንደሚላመድ ነው። መጀመሪያ ይፈራዋል፤ ትንሽ ሲቆይ «የዚህ ድስት አመሉ ነው» ይላል። አደጋ የሚወለደው ከዚህ ቃል ነው።

ከዚያ ወደ ወልቂጤ መጥቼ የራሴን ሥራ ከፈትኩ። ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ጸሐፊዋ ሥራዬን የምታስገባበት ዘርፍ አጥታ «ልዩ ልዩ ጥገና» ብላ ጻፈችው። ልዩ ልዩ አልነበረም፤ ግን አልተከራከርኳትም። በገበያ ቀን መሣሪያዬን በከረጢት ይዤ በሚኒባስ ወደ አገና እና ወደ አረቅጥ እወጣ ነበር። ዘቢደር ያደገችው ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር የወደቀ ሪቬት እየለቀመች ነው። የለቀመችውን ስትሰጠኝ አንድም ቀን አመሰግናለሁ አላልኳትም፤ ልጅን ማመስገን ማበላሸት ይመስለኝ ነበር።

እጀታው የሚነቀለው ድስት ወደ ሥራ ቤቴ የመጣው በጎረቤታችን በእትዬ ዘነበች እጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስቀል እየተቃረበ ነበር። እጀታውን ብቻ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ።

«ደምሴ፣ ይህ ነገር ጥርሱ ላላ መሰለኝ። እስቲ እየው።»

«እትዬ፣ እጅ ያለው ድስት ጠፍቶ ነው እጁ የሚወልቅ የሚገዙት?»

«እኔ ገዛሁት? ልጄ ነው ያመጣልኝ። ልጅ ያመጣውን አልፈልግም ይባላል?»

«ይባላል።»

«ላንተ ይሆንልሃል። አንተን ልጆችህ ይፈሩሃል፤ እኔን ይወዱኛል።»

ካቻቢቴ አነሳሁ። ስፈታው መንጋጋው ውስጥ የረጋ ቅቤና የጎመን ቅንጣት ተጋግሮ አገኘሁ። ቁልፉ ቀጭ ይላል፤ የሰማው ሰው ተቆልፏል ብሎ ያምናል፤ መንጋጋው ግን ቆሻሻውን እንጂ ድስቱን አልነከሰም። ሞላውም ደክሟል። እትዬ ዘነበች በዚሁ እጀታ የቀድሞ ብረት ድስታቸውን ጭምር ያነሱበት ነበር፤ የዚያኛው ከንፈር ወፍራም ስለሆነ መንጋጋውን ከልኩ በላይ ከፍቶታል። እሳት ላይ ሳይነቅሉ ስለተዉትም የፕላስቲኩ ጎን ቀልጧል። አንድ እጀታ ለብዙ ድስት ሲሠራ ቶሎ ይደክማል፤ አንድ ልጅ የቤቱን ሥራ ሁሉ ሲሸከም እንደሚደክመው።

በሙቅ ውኃ አጠብኩት፤ ሞላውን ቀየርኩ፤ መንጋጋውን ወደ ልኩ መለስኩ። ከራሱ ድስቶች በቀር ሌላ እንዳያነሱበት አስጠነቀቅኳቸው። ከዚያ ትልቁን ድስት አስመጥቼ ውኃ ሞላሁ፤ መዳፌን ቅቤ ቀባሁ፤ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ላይ አንጠለጠልኩት። አወዛወዝኩት። አልተነቃነቀም። ሐጂ ቢያዩኝ ይመርቁኝ ነበር ብዬ ደስ አለኝ።

መስቀልን ቸሃ አሳልፌ ስመለስ ባለቤቴ ገና ሳልቀመጥ «እትዬ ዘነበች ተቃጥለዋል» አለችኝ። በየትኛው ድስት ብዬ ጠየቅኋት። «አንተ በሠራኸው» አለችኝ።

ስገባ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። የታናሽ ልጃቸው ሚስት፣ ገና አዲስ ሙሽራ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቅቤ አንጥረው ከእሳት ያወርዳሉ። ምራታቸው ልትቀበላቸው ትነሳለች። በእኛ አገር ለበዓል የሚነጠር ቅቤ ሰው በሞላበት ወጥ ቤት መሬት አይቀመጥም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ከታላቅ የሚቀበል ደግሞ በአንድ እጁ አይቀበልም። ልጅቷ እንዳሳደጓት ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። እጀታው ግን የተሠራው ለአንድ እጅ ነው። ሁለተኛው እጇ ያረፈው ቁልፉ ላይ ነበር። ቀጭ አለ፤ እጀታው በሁለቱ እጅ ቀረ፤ ቅቤው ወረደ።

«ባለጌ ምራት ብትገጥመኝ ኖሮ እግሬ ይተርፍ ነበር» አሉኝ እትዬ ዘነበች። ልጅቷ ፊቷን ሸፈነች። «አትሸፋፈኚ፣ እየቀለድኩ ነው» አሏት።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ።

«ሥራህማ ደህና ነበር። አልላላም። ግን ስትፈትነው ብቻህን ነበርክ። እኔ ቤት ለመስቀል ማን ነው ብቻውን ዕቃ የሚያነሳ?»

ይህን የሚያህል ስህተት በሥራ ዘመኔ አልሠራሁም። ሐጂ ሸምሱ ያስተማሩኝ ፈተና እጁ ለማይነቀል ድስት ነው። እዚያ ላይ ሁለተኛ እጅ ቢጨመር ያጠነክራል። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው እጅ ይከፍታል። የአሮጌውን ዕቃ ምስክር ለአዲሱ ዕቃ አቀረብኩ፤ ምስክሩ አልዋሸም፤ ጉዳዩን ግን አያውቀውም። ሌላም ልጨምር፦ ጎረቤቶች ቁስሉ ላይ ሊጥ ለጥፈውበት ኖሮ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተቆጥታ ነበር። ለተቃጠለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሊጥም ቅቤም አይደለም።

ስወጣ ሙሽራዋ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። «ጥፋቱ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የእጀታው ነው፤ ያንቺ አይደለም።»

«እጀታ ሰው አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ።

የእትዬ ዘነበች እግር ድኗል። ብርድ ሲሆን ጠባሳው ይስበኛል ይላሉ፤ ገበያ ግን ከእኔ ፈጥነው ይደርሳሉ። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ ከማንም ዕቃ ለመቀበል ትፈራ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ይህን እጀታ ይዞ የመጣውን ሁሉ መክሬ ሳልሠራለት መለስኩ። መክሬ የመለስኩት ሰው ግን ዕቃውን አልጣለውም፤ ቤቱ ሄዶ በሽቦ አሠረው። ምክሬ ከሽቦ አልጠነከረም።

እስከዚህ ያለውን ጽፌ ለዘቢደር ሰጠኋት። እቤት ተቀምጣ ቀስ ብላ አነበበችው። የእትዬ ዘነበች ቀልድ ላይ ስትደርስ ፈገግ ብላ ወዲያው ተወችው። ስትጨርስ አጠፈችና «አንድ ነገር ትተሃል» አለችኝ።

«ምን?»

«የባለ ረጅም እጀታውን። ስንት ሕፃን ነው ከምድጃ ወጣ ያለ እጀታ ጎትቶ በራሱ ላይ የደፋ? ይህኛው ከተጣደ በኋላ ቢነቀል ልጅ የሚጎትተው የለውም።»

እውነቷን ነው። ልጅ ጎትቶት የተጣመመ የመጥበሻ እጀታ ስንት እናት አምጥታልኝ አቅንቼ መልሻለሁ። ስለ እሱ ግን መጥበሻውን አልኮነንኩም፤ የለመድኩት ዕቃ ነዋ። በሌላ በኩል እጀታ የሌለው ድስት የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ሰው ሳያስብ በባዶ እጁ ይነካዋል። ይህንንም ነገርኳት፤ እሷም እሺ አለች። አንዱ ዕቃ መልአክ ሌላው ሰይጣን አይደለም።

«ታዲያ ታወርጂዋለሽ?»

«አላወርደውም። ለማን እንደማልሸጠው ግን አሁን አውቄያለሁ።»

«ይህ መልስ አይደለም።»

«መጥተህ እይ» አለችኝ።

ሄድኩ። ቃሌን ላለመሻር ግን ወንበር አስወጥቼ ከደጃፉ ውጭ ተቀመጥኩ። ያላፊ አግዳሚ ሰላምታ መመለስ አሰለቸኝ። መጀመሪያ አንዲት አስተማሪ መጣች፤ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ የምትኖር። ዘቢደር ሸጠችላት። ከመሸጧ በፊት ግን እጀታውን ራሷን አስያዘቻት፤ ከንፈሩንና መንጋጋውን ማድረቅ፣ ቀጭ ማለቱን ሳያምኑ ነቅነቅ አድርጎ ማየት፣ እሳት ላይ ሲጣድ መንቀል፣ የጋለውን ድስት በፎጣ መሸፈን እንዳለባት አሳየቻት። «እንግዳ ቢመጣና ልቀበልሽ ቢልሽ መጀመሪያ ድስቱን አስቀምጪ። ለሰው በእጅ አታቀብዪ» አለቻት። እኔ ልጨምር ብዬ አፌን ስከፍት የቀረ ነገር አጣሁ።

ከዚያ አንድ ወጣት መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ገባ። ልብሱም አነጋገሩም የአዲስ አበባ ነው።

«ይሄን ከነሳጥኑ ጠቅልይልኝ» አላት መደርደሪያውን እያሳየ።

«ለማን ነው?»

«ለማዘር። አረቅጥ ናት፤ ለመስቀል ልገባ ነው።»

«ለመስቀል ወጥ ቤት ብቻዋን ናት?»

ሳቀ። «አክስቶቼ፣ የወንድሞቼ ሚስቶች፣ ጎረቤቱ ሁሉ። መቆሚያ የለም።»

«እንግዲያው ይህን አልሸጥልህም። ባለ ሁለት ጆሮውን ውሰድላት፤ ጆሮው በሪቬት የተመታ ነው።»

«እሱማ አላት። አሮጌ ነገር ይዤ ልግባ? ወንድሜ ቴሌቪዥን ነው የገዛላት።»

«ወንድምህ ዓይኗን ደስ ያሰኝላት። አንተ እግሯን ጠብቅላት።»

«እህት፣ ጤነኛ ነሽ? ነጋዴ ሆኖ ገዢ የሚያባርር ዛሬ አየሁ።»

«ሌላ ሱቅ ታገኘዋለህ። አልከለክልህም። ከእኔ ግን አትገዛውም።» ከዚያም ለምን እንደሆነ ነገረችው። ስለ ሁለት እጅ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ አንዲት ጨዋ ምራት። ስም አልጠራችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

ወጣቱ ሰማትና ወደ እኔ ዞረ። «ፋዘር፣ እርስዎ ይፍረዱን እስቲ። ይሄ ልክ ነው?»

ምላሴ ላይ ስንት ነገር ነበር። የደከመ ሞላ፣ የረጋ ቅቤ፣ የልጅ ስጦታና የእናት ጤና፣ እንደ እሱ ላለ የከተማ ልጅ የሚሆን ተግሣጽ። እስከ ማታ የሚበቃ ነበረኝ። ዘቢደርን አየኋት። እጇን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ቆማለች። ነገሩን ከእጇ ልነጥቃት ነው ብላ እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። ስትጠብቀኝ የኖረችው እንዲህ ነው።

«ሱቁ የእሷ ነው» አልኩት። «እሷ ካለች አለች።»

ወጣቱ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ራሱን እያከከ ወደ ባለ ሁለት ጆሮዎቹ ሄደ፤ አንዱን አንስቶ ክብደቱን ሞከረ። «ክዳኑ ከበድ ያለውን ስጪኝ በቃ» አለ። «ለማዘር ግን አንቺ ነሽ በስልክ የምታስረጂያት።»

«ደውልላትና አቀብለኝ» አለች ዘቢደር።

እዚያው ደወለ። ልጄ ከማታውቃቸው ሴት ጋር ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ እንሰቱ ተጠያይቃ እስክትጨርስ ልጁ ድስቱን ታቅፎ ቆመ። መኪናው ሲሄድ ወደ መደርደሪያው ተመለሰችና ሳጥኖቹን ማስተካከል ጀመረች።

«አባባ፣ ፀሐይ ላይ ነህ» አለችኝ ሳትዞር።

«መደርደሪያው አልወረደም።»

«አልወረደም።»

ወንበሬን አንስቼ ገባሁ።